ኬሚሴ ላይ ፀሐይ ያነሰው ሰው

አስቀድሜ ልንገራችሁና ሳቃችሁን ጨርሱ፤ ከዚያ ተረጋግተን እናወራለን። እኔ ፀሐይ ያነሰኝ ሰው ነኝ። በሐኪም ተመርምሬ፣ ደሜ ደሴ ድረስ ተልኮ፣ ፀሐይ እንዳነሰኝ የተረጋገጠልኝ ሰው ነኝ። ደጋ ብኖር፣ ጉም ደጃፌን ዘግቶት ቢውል ማንም አይስቅም ነበር። እኔ ግን የምኖረው ኬሚሴ ነው። ኬሚሴን የማታውቁ ካላችሁ፣ እኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ ዶሮ እንኳ መንገድ የምታቋርጠው አስባበት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ለባለቤቴ ለፋጡማ የሐኪሟን ቃል ስነግራት ማማሰያዋን እንደያዘች ቆማ አየችኝና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ፀሐይ ጎደለህ? ከቤታችን ያልጎደለው እሱ ብቻ ነበር" ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ የአገሬም ነው። በእኛ አገር የሰው ክብር የሚለካው በተቀመጠበት ጥላ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ እዩ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ጎረምሳው ብድግ ብሎ ጥላውን ይለቃል። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ጥላውም ዘወር ይላል፣ ሽማግሎቹ ምንጣፋቸውን ይዘው ጥላውን ይከተላሉ፣ ጎረምሳው ደግሞ ደረጃውን ያውቃልና ወደ ሐሩሩ ይገፋል። እኔም በጉርምስናዬ የሰው ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ ከባቲ ገበያ እስከ ሮቢት ገበያ ፀሐይ ላይ ተንከራትቻለሁ። ስለዚህ የራሴን የጨርቅ ሱቅ የከፈትሁ ዕለት ከሸቀጡ ሁሉ በፊት የሰቀልኩት ሸራ ነበር። ቀጥሎ ሌላ ሸራ ደረብኩበት። ከሱቄ እስከ መስጊድ በረንዳ በረንዳውን ነው የምሄደው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር መጋረጃ ዘግተን፣ መስኮት ዘግተን፣ ጫታችንን ይዘን እንቀመጣለን። ስንወጣ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ደርሷል። ፀሐይና እኔ ለብዙ ዘመን በስም ብቻ ነው የምንተዋወቀው፤ ይህንንም እንደ ስኬት እቆጥረው ነበር።

ታዲያ ብርድ በገባ ቁጥር ጉንፋን ወደ ከተማችን ሲመጣ እኔን ሰላም ሳይል አያልፍም። አንዱ ለቀቀኝ ስል ሌላው ይይዘኛል። ከሱቄ አጠገብ ጫማ የሚሸጥ ሰይድ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ባስነጠስኩ ቁጥር እኔ "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ፣ እሱ "የርሐሙከላህ" ይላል፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ባለፈው ኅዳር ግን አንድ ጠዋት ደንበኛውን ጫማ እያስለካ ሳለ ሳላቋርጥ አስነጠስኩበትና ቀና ብሎ፣ "ወንድሜ፣ የዛሬውን ጠቅልዬ አሁኑኑ ልበልልህና ሥራዬን ልሥራ" አለኝ። አልተቀየምኩትም። እኔም በራሴ ታክቼ ነበር።

ሳቁ እዚህ ላይ ያብቃ፤ የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበርና። ልጄ መዲና ታጭታ ነበር። የታጨችው ጨፋ ሮቢት ላሉ እንድሪስ ለሚባሉ የተከበሩ ገበሬ ልጅ፣ ለጀማል ነው። ኒካሁም ጥር ላይ ተቆርጧል። በኒካህ ጊዜ ሁሉን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ በሬ የሚያርደው ሌላ፣ ድንኳን የሚተክለው ሌላ። አባት የሚጠበቅበት አንዲት ነገር ብቻ ናት። በሰው ሁሉ ፊት የሙሽራውን እጅ ይዞ፣ "ልጄን መዲናን ድሬልሃለሁ" ይላል። ሙሽራው "ተቀብያለሁ" ይላል። አለቀ። እኔ ግን ቤት ውስጥ ስሞክረው "ልጄን" ካልኩ በኋላ ሳሉ ይመጣና ዓይኔ እስኪፈጥጥ ያንፈራፍረኛል። "መዲናን" የምትለዋ ላይ ደርሼ አላውቅም።

አንድ ቀን መዲና ውሃ ይዛልኝ መጣችና አቀርቅራ፣ "አባ፣ ካልሆነ እኮ ውክልናውን ለአጎቴ መስጠት ይቻላል አሉ። አብሽር፣ እኔ ቅር አይለኝም" አለችኝ። ቅር እንደሚላት ከድምጿ ታወቀኝ። ልጅ ሆና ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ስትጠቀልል ያሳደግኳት ልጅ ናት። "ያቺን ቃል በሌላ ሰው አፍ ከምሰማት ጆሮዬ ቢደፈን ይሻለኛል" አልኳት። በነጋታው ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሟ ከመዲና ብዙ የማትበልጥ፣ በአዲስ አበባ አማርኛ የምትናገር ልጅ ነች። "አባባ" ስትለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ሽማግሌ ፈለግሁ። ደረቴን አዳመጠች፣ አክታዬን አስመረመረች፣ ሳንባዬ ደህና መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ የት እንደምውል፣ ምን እንደምበላ፣ ስንት ሰዓት እንደምወጣ ጠየቀችኝ። ስለ ሸራዎቼ በኩራት ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትንሽ አየችኝና የደም ምርመራ አዘዘችልኝ። ውጤቱ ሲመጣ፣ "አባባ፣ ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶዎታል" አለችኝ።

"ምንድነው እሱ?"

"ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ የሚሠራው ነገር ነው።"

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ኬሚሴ ነው።"

"ፀሐይዋ ሰማይ ላይ መኖሯ ብቻ አይበቃም" አለችኝ። "እርስዎም ከሥሯ መገኘት አለብዎት።"

ከዚያ በደንብ አስረዳችኝ። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ የሚመጣውም ከሰው ነው፤ ነገር ግን ይህ ቫይታሚን ያነሰው ሰውነት መከላከሉ ሊደክም ይችላል አለችኝ። "ሊሆን ይችላል ነው የምልዎት፤ ፀሐይ ብቻዋን ታድንዎታለች አላልኩም" ብላ ደገመችው። ጁምዓ ጁምዓ የምውጠው ክኒን ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት ክንድና እግርዎን ጥቂት ፀሐይ ያስነኩ፣ እስኪያቃጥልዎት አይቆዩ፣ የምትቅሙበትን ክፍል መስኮት ክፈቱ፣ የሚያስል ሰው ሲኖር ራቅ በሉ አለችኝ። ይህ ሁሉ ምክር ነው። እኔ ግን ደጃፉን ስወጣ ይዤው የወጣሁት አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ፀሐይ።

በማግስቱ ወንበሬን ከሸራው አውጥቼ መንገዱ ዳር ፀሐይ ላይ አደረግሁትና ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ገና ሳልሞቅ ሰይድ ከሱቁ ወጣና ጃንጥላ ዘርግቶ ከአናቴ ላይ ቆመ። "ተው ሰይድ፣ ፀሐይ ልሞቅ ነው" አልኩት። "እኔ ሳለሁማ ፀሐይ አይመታህም" ብሎ ጭራሽ ጠጋ አለኝ። እሱን ለምኜ ሳሰናብት ሻይ ቤት ያለችው ልጅ መጣችና የሷን ሸራ ገመድ ፈትታ ወደ እኔ አስረዘመችው። ወንበሬን ገፋ አደረግሁ። አንድ የማላውቀው መንገደኛ ደግሞ፣ ፊቱ ላይ ሐዘኔታ እየተነበበ፣ "አባቴ፣ ሰው የለዎትም እንዴ?" ብሎ ብብቴን ይዞ ከነወንበሬ በረንዳ ላይ አሳረፈኝ። የሐኪም ትእዛዝ ነው እያልኩ ስለፈልፍ፣ "ያ ረቢ፣ ፀሐይዋ ናት የምታስቀባጥራቸው" አሉ በረንዳው ላይ ያሉት። ያን ቀን ከሸራዬ ሥር ተቀምጬ ከዋልኩት ይልቅ ብዙ ጥላ አገኘሁ። ወገኔ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ሊገድለኝ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ሰው የሌለበት ፀሐይ መፈለግ ነበረብኝ። ባጃጅ ጠራሁና፣ "ወደ ጨፋ ንዳ፤ አንድም ዛፍ የሌለበት ቦታ ስትደርስ አውርደኝ" አልኩት። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና "ማል ታተን ጋሼ?" አለኝ፤ ምን ሆኑ ማለቱ ነው። ደህና መሆኔን ነግሬው ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ የቀረበት ሜዳ ላይ ወረድኩ። ሸሚዜን አወለቅሁ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ጀርባዬ ሲሞቅ ደረቴ ፈታ አለልኝ። ሞቆኝ ይሁን ከከተማው አቧራ ርቄ፣ ሳሌም ዝም አለ። እስቲ አሁን ልሞክራት ብዬ "ልጄን መዲናን ድሬልሃለሁ" አልኩ። እስከ መጨረሻው ወጣች፤ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

ሆኖም ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ የሙሽራውን እጅ መያዝም አለ፣ እሱንም መለማመድ አማረኝ። አካባቢው ላይ ከእኔ ሌላ ያለው ቃርሚያ የሚግጥ አንድ ቀይ በሬ ብቻ ነበር። የእርሻ በሬ ነው፣ ሰው የለመደ። ቀስ ብዬ ቀረብኩት። በሬ እጅ የለውምና ቀንዱን በቀኝ እጄ ያዝኩና፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ "ልጄን መዲናን ድሬልሃለሁ" አልኩት። ድምፄ ሜዳውን ሞላው። በደስታ ደገምኩት፣ ከዚያም ከበፊቱ ጮክ አድርጌ ሰለስኩት። በሬው እያመነዠከ ያዳምጠኛል።

ቀና ስል አንድ አይሱዙ መንገዱ ላይ ቆሟል። ከሮቢት ገበያ የሚመለስ ሰው ከእህል ማዳበሪያው ላይ ተጭኖ፣ ሁሉም አፉን ይዞ ወደ እኔ ያያል። ሞተሩን አጥፍተውታል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መላ ሲጠፋቸው፣ "አካም ጅርታ?" አሉኝ፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። እኔም ራቁት ደረቴን ገልጬ፣ ቀንድ እንደያዝኩ፣ "ፈያ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሞተሩን አስነስተው ሄዱ። የሚያውቀኝ ሰው አይኖርም ብዬ ራሴን አጽናናሁና ከአገዳው ላይ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጀርባዬ እሳት ሆኗል፣ አፍንጫዬ መላጥ ጀምሯል። ፋጡማ እርጎ እየቀባችኝ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ መፍራት ነው።

ወሬ ከአይሱዙ ይቀድማል። በማግስቱ ሰይድ ሱቄ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወንድሜ፣ እውነት ነው?" አለኝ። አንደኛው ወገን ልብሴን ጥዬ በረሃ ገባሁ ይላል። ሌላው ወገን ጂን ከበሬ ጋር ሲያነጋግረኝ በዓይኑ አይቷል። የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ከሮቢት የመጣችው ሴትዮ በጆሮዋ እንደሰማችው፣ እኔ የታጨችዋን ልጄን በሦስት ቃል ለሌላ ድሬያታለሁ። ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ እንድሪስ ቤት ደረሰ። ጀማል ለመዲና መደወል አቆመ። ከዚያ ከሮቢት መልእክት መጣ፤ ጁምዓ እንመጣለን፣ የምንነጋገረው አለን የሚል። ወሎ ውስጥ "የምንነጋገረው አለን" ብሎ የሚመጣ አማች ሠርግ ሊያደምቅ አይመጣም።

መዲና ምግብ ተወች። አልወቀሰችኝም፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ብትቆጣኝ ቀለል ይለኝ ነበር። የቀረበላትን ሳህን ወደ ጎን አድርጋ ለሠርጉ ያዘጋጀችውን ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ደግማ ታጥፋለች። እሷን ሳይ በራሴ ተናደድኩ። ስለ ኒካሁ ስል ኒካሁን ላፈርሰው ነው እያልኩ ሁለት ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ፤ መገላበጡም ቢሆን የተላጠ ጀርባዬን አልጠቀመውም።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንድሪስና ኒካሁን ያስራሉ የተባሉት ሼህ ዑመር መጡ። ፋጡማ ማዕድ አቀረበች። እንድሪስ እጃቸውን ሰበሰቡና፣ "ጉዳያችን ሳያልቅ እህል አንቀምስም" አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ መዲና እንዳለች አውቃለሁ። ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።

"የመዲና አባት" አሉ እንድሪስ፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ "ልጅቱን ለሌላ ድረዋታል ብለው ነገሩን።"

"ለማን አሉ?"

"እሱን እንኳ እኔ አፌ አይደፍረውም።"

"ለበሬ ነው ያሉት" አሉ ሼህ ዑመር፣ ፊታቸው ላይ አንድ ጅማት ሳይንቀሳቀስ።

ከዚህ ወዲያ መደበቁ ምን ያደርግልኛል? ሁሉንም ነገርኳቸው። ሸራዬን፣ መጋረጃዬን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ ደሜ ውስጥ የታጣውን ፀሐይ፣ የሰይድን ጃንጥላ፣ "ልጄን" ካልኩ በኋላ የሚያንቀኝን ሳል። "አንዲቷን ቃል ራሴ ልላት ብዬ ነው እንጂ፣ ሌላ ነገር የለብኝም። በሽታዬ ጥላ ነው" አልኩና ጨረስኩ። እንድሪስ ዘንጋቸውን አሻሹ። ሼህ ዑመር ጺማቸውን ይዘው አሰቡ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አሉ ሼሁ። "ቃሉን ሲሉት ምስክር ነበረ?"

"አንድ አይሱዙ ሙሉ።"

"በሬውስ ተቀብያለሁ አለ?"

"አላለም።"

"እንግዲያው አልታሰረም" አሉና ወደ እንድሪስ ዞሩ። "ልጅቱ ነፃ ናት።"

መጀመሪያ የእንድሪስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ያዘ። የተቆጡ መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቃቸው ገነፈለ። ሲስቁ፣ ሲስቁ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ፊታቸው እስኪቀላ አንፈራፈራቸው። ለካ እሳቸውንም ጉንፋን ይዟቸው ኖሯል። እንባቸውን እየጠረጉ፣ "እኔ ዕድሜዬን ፀሐይ ላይ ነኝ፤ ይኸው እኔንም አልማረኝ" አሉ። ሐኪሟ ቫይረስ ከሰው ነው የሚመጣው ያለችው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አማቼን ራቅ ይበሉ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ እኔው ራቅ አልኩና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትሁት።

"በዘር የሚሄድ አይደለም?" አሉኝ፣ አሁን ቀለል ባለ ድምፅ።

"ጥላ በዘር አይሄድም" አልኳቸው። "መዲና እንኳ ልብስ ስታጥብ፣ ስታሰጣ ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው።"

"እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ እኛ ቤት ሞልቷል። ማሽላው ሲበቅል ለአረም ይምጡ፤ የፈለጉትን ያህል ይሙቁ" አሉና እጃቸውን ወደ ማዕዱ ዘረጉ። "ቢስሚላህ።"

እሳቸው ሲጎርሱ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ፋጡማ ሰማች፣ እኔም ሰማሁ። ሼህ ዑመርም ሰሙ መሰለኝ፣ ፈገግ ብለው ወጡን አሞገሱ። ያን ዕለት ማታ መዲና ሁለት ጊዜ ጨምራ በላች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ በጀርባዬ ባይሆን በሆዴ ተኝቼ፣ እስኪነጋ አልነቃሁም።

ከዚያ ወዲህ የሐኪሟን ምክር ሙሉውን ያዝኩ። ጁምዓ ክኒኔን እውጣለሁ። ጠዋት ሸራዬን ጠቅልዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ጥቂት እቀመጣለሁ፤ ሰይድ ጃንጥላውን ሊዘረጋ ሲል ብቻ እገላምጠዋለሁ። የጫት ክፍላችንን መስኮት ስከፍት ጓደኞቼ ምርቃናችን በመስኮት ወጣ ብለው አጉረመረሙ፣ ኋላ ግን ለመዱት። ጉንፋን አንድ ጊዜ መጥቶ ቀለል ብሎልኝ ሄደ። የክኒኑ ይሁን፣ የመስኮቱ ይሁን፣ የዱአው ይሁን አላህ ይወቅ። ሐኪሟንም ጠየቅኋት፤ እኔም እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም አለችኝ። ሐቀኛ ልጅ ነች።

የኒካሁ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ሞልቷል። ጀማልን ከፊቴ አስቀመጡትና እጁን ሰጠኝ፤ የገበሬ ልጅ እጅ ነው፣ ሻካራና ሞቃት። ሼህ ዑመር "ይበሉ" አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ምንም የለም። "ልጄን" አልኩ። "መዲናን" ስል ግን ከባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ጨርቅ የምትጠቀልለው ትንሽ ልጅ መጣችብኝና እንባዬ ግጥም አለ። ያን ሁሉ ወር ያለ ጥሪው ሲመጣ የኖረውን ሳል፣ አሁን እንባዬን እንዲደብቅልኝ ፈለግሁት። ጎንበስ ብዬ ለመሳል ሞከርኩ። አንዲት እንኳ አጣሁ። ደረቴ እንደ ጎረምሳ ደረት ንጹሕ ሆኗል። ስለዚህ ምን ላድርግ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጠራ ድምፅ፣ እያለቀስኩ "ድሬልሃለሁ" አልኩት።